አውትሉክና ተንደርበርድ ሲንቀራፈፉ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ኢሜይላቸውን በስልክ ወይም በብሮውዘር ሳይሆን ኮምፒውተር ላይ በተጫነ ፕሮግራም ለሚሠሩ ሰዎች የተዘጋጀ ነው፦ ለሒሳብ ሠራተኛ፣ ለትራንዚተር፣ ለፋብሪካ ግዥ ክፍል፣ ለግብረ ሰናይ ድርጅት ቢሮ። ከደሴም ከኮምቦልቻም የሚመጣው ቅሬታ ተመሳሳይ ነው፤ «ድሮ ደህና ነበር፣ አሁን አንድ መልእክት ስነካ ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ይቀራል» ይላሉ። መልሶቹ ዊንዶውስ ላይ ለሚሠራው ለነባሩ (ክላሲክ) አውትሉክና ለተንደርበርድ ናቸው። የሜኑዎቹን ስም ስክሪኑ ላይ እንደሚነበበው አስቀምጫለሁ።

ኮምፒውተሩን ፎርማት ባስደርገውስ? ይፈጥን የለም ወይ?

እባክዎ አይቸኩሉ። ይህን ጥያቄ ከሁሉ ያስቀደምኩት ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። በከተማችን ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ መጀመሪያ የሚታሰበው «ፎርማት ይደረግ» ነው። የኢሜይል ፕሮግራም ግን እንደ ዎርድና እንደ ኤክሴል አይደለም። መልእክቶቹን የሚያስቀምጠው ተጠቃሚው ገብቶ በማያውቅበት ፎልደር ውስጥ ነው። ባለሙያው «ዳታውን ገልብጫለሁ» ሲል ብዙ ጊዜ ዴስክቶፑን፣ ዶክመንቱንና ፎቶውን ማለቱ ነው። አካውንቱ በፖፕ (መልእክትን ወደ ኮምፒውተር በሚያወርድ መንገድ) የተከፈተ ከሆነ ደግሞ መልእክቶቹ ከሰርቨሩ (ኢሜይሉን ከሚያስተናግደው ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ወርደው ያ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ቀርተው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሆኖ ፎርማት ከተደረገ የዓመታት የሥራ ደብዳቤ ተመልሶ አይገኝም።

ፎርማት የሚያስፈልግበት ጊዜ የለም ማለቴ አይደለም። ዊንዶውሱ ራሱ ተበላሽቶ ወይም ቫይረስ ወርሮት ከሆነ ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉ ግን እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ የኢሜይሉን ፋይል ማግኘት፣ ቀጥሎ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ መገልበጥ፣ ከዚያ ግልባጩ በትክክል እንደሚከፈት ማየት። ስለ ፎርማት የሚወራው ከዚህ በኋላ ነው። በልምድ እንደማየው እዚህ ከተደረሰ ብዙ ጊዜ ፎርማቱ ራሱ ሳያስፈልግ ይቀራል፤ ፕሮግራሙን የሚያንቀራፍፈው ነገር ያንኑ ፋይል ስንመረምር ይገኛልና።

መልእክቶቼ የተቀመጡበት ፋይል የት ነው?

አውትሉክ ላይ ፋይል የሚለውን ይጫኑ፣ አካውንት ሴቲንግስ ውስጥ ይግቡ፣ ከዚያ ዳታ ፋይልስ የሚለውን ታብ ይክፈቱ። የፋይሉ ስምና ያለበት ቦታ ይታያል፤ ኦፕን ፋይል ሎኬሽን ሲሉት ፎልደሩን ይከፍትልዎታል። የፋይሉ ስም በፒኤስቲ የሚያልቅ ከሆነ መልእክቶቹ በሙሉ እዚያ ውስጥ ናቸው፤ ሌላ ቦታ ላይኖሩ ስለሚችሉ እንደ ዋና ሰነድ ይያዙት። በኦኤስቲ የሚያልቅ ከሆነ ሰርቨር ላይ ያለው የመልእክት ሳጥን ቅጂ ነው፤ ቢጠፋም እንደገና ይወርዳል።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። በአይማፕ (መልእክቱ ሰርቨሩ ላይ እንዳለ ኮምፒውተሩ ቅጂውን በሚያመጣበት መንገድ) የተከፈተ አካውንት ላይ ካላንደሩና ኮንታክቱ አጠገብ «ዚስ ኮምፒውተር ኦንሊ» የሚል ጽሑፍ ይታያል። እነዚህ ሰርቨሩ ላይ የሉም። «ኦኤስቲ ነው፣ ተመልሶ ይወርዳል» ብሎ ያጠፋ ሰው መልእክቱን መልሶ ያገኛል፣ የደንበኞቹን አድራሻና ስልክ ግን ያጣል። ከማጥፋትዎ በፊት ኮንታክቱን ኤክስፖርት አድርገው ለብቻ ያስቀምጡ።

ተንደርበርድ ላይ ቀላል ነው። ሄልፕ፣ ቀጥሎ ትራብልሹቲንግ ኢንፎርሜሽን፣ እዚያ ውስጥ ፕሮፋይል ፎልደር ከሚለው ፊት ለፊት ኦፕን ፎልደር አለ። መልእክቱም አድራሻውም የአካውንቱ ሴቲንግም እዚያው ነው። ፕሮግራሙን ዘግተው ፎልደሩን እንዳለ ይገልብጡ።

ጥፋቱ የኢንተርኔቱ ነው ወይስ የፕሮግራሙ? እንዴት ልለየው?

ወዲያው ይለያል። አውትሉክ ላይ ሴንድ/ሪሲቭ በሚለው ታብ ውስጥ ወርክ ኦፍላይን የሚለውን ይጫኑ። ተንደርበርድ ላይ ከታች በግራ ጥግ ያለችውን የግንኙነት ምልክት ይንኩ። አሁን ፕሮግራሙ ከኢንተርኔት ተለይቷል። ቀደም ብለው የወረዱ መልእክቶችን ይክፈቱ፣ ከአንዱ ፎልደር ወደ ሌላው ይዘዋወሩ። እንዲህ ሲሆን ከፈጠነ ችግሩ መስመሩ ወይም ሰርቨሩ ላይ ነው። አሁንም «ኖት ሪስፖንዲንግ» እያለ የሚቆም ከሆነ ኢንተርኔቱ የለበትም፤ ችግሩ ኮምፒውተርዎ ውስጥ ነው።

ይህን ሳያዩ ከፍ ያለ የኢንተርኔት ፓኬጅ አይግዙ። ፍጥነት ጨምሮ በየወሩ የሚከፍል፣ ፕሮግራሙ ግን እንደነበረ የሚንቀራፈፍበት ቢሮ ጥቂት አይደለም። ሲጨርሱ ወርክ ኦፍላይኑን መልሰው ያጥፉት፤ ካልሆነ መልእክት አይገባም፣ አይወጣም።

ፋይሉ ስንት ጊጋ ሲደርስ ነው መሥጋት ያለብኝ?

ለአውትሉክ ከማይክሮሶፍት የወጣ መለኪያ አለ። እስከ 5 ጊጋ ባይት ድረስ አብዛኛው ኮምፒውተር ያለ ችግር ይሸከመዋል። ከ5 እስከ 10 ጊጋ ባለው በኮምፒውተሩ አቅም ይወሰናል፤ ፈጣን ዲስክና በቂ ራም ያለው ይችለዋል፣ የሌለው ይደክማል። ከ10 ጊጋ ሲያልፍ አጫጭር መቆሞች ይጀምራሉ። 25 ጊጋ ላይ ሲደርስ መቆሙ ይደጋገማል፣ በተለይ አዲስ መልእክት በሚወርድበት ሰዓት።

ከአውትሉክ 2010 ወዲህ አንድ ፋይል እስከ 50 ጊጋ እንዲይዝ ተፈቅዶለታል። ይህን ቁጥር «እስከ 50 ምንም አይደለም» ብሎ መረዳት ስህተት ነው፤ 50 ጊጋ ፕሮግራሙ መቀበል የሚያቆምበት ወሰን ነው እንጂ በደህና የሚሠራበት መጠን አይደለም። በ2003ና በ2007ቱ አውትሉክ ወሰኑ 20 ጊጋ ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ደግሞ 2 ጊጋ ብቻ ነው፤ ያን ያህል አሮጌ ፋይል ከያዙ እሱን ወደ አዲሱ ዓይነት ማዛወር ይቅደም።

መጠኑን ለማየት ከላይ ያለውን የአካውንቱን ስም ቀኝ ክሊክ ያድርጉ፣ ዳታ ፋይል ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ፎልደር ሳይዝ። የትኛው ፎልደር ስንት እንደያዘ ለይቶ ያሳያል። አብዛኛውን ጊዜ ሰው የማያስበው ሴንት አይተምስ ከፊት ይገኛል።

ብዙ መልእክት አጠፋሁ፣ ፋይሉ ግን አልቀነሰም። ለምን?

የጠፋ መልእክት ወዲያው ከፋይሉ ስለማይወጣ ነው። መዝገብ ላይ አንድ መስመር ሲሰረዝ ወረቀቱ አይቀንስም፤ ይህም እንደዚያው ነው። ፕሮግራሙ «ይህ ተሰርዟል» ብሎ ምልክት ያደርግበታል እንጂ ቦታው እንደተያዘ ይቆያል። ተንደርበርድ በተለይ አንድ ፎልደር ውስጥ ያሉትን መልእክቶች በሙሉ በአንድ ረጅም ፋይል ስለሚያከማች፣ በየቀኑ ብዙ የሚያጠፋ ሰው ኢንቦክሱ ባዶ መስሎ እየታየው ፋይሉ ብዙ ጊጋ ይሆናል።

መፍትሔው ኮምፓክት ማድረግ ነው። ተንደርበርድ ላይ ፎልደሩን ቀኝ ክሊክ አድርገው ኮምፓክት ይበሉት። አውትሉክ ላይ መጀመሪያ ዲሊትድ አይተምስን ባዶ ያድርጉ፤ ቀጥሎ ከዳታ ፋይልስ ውስጥ ፋይሉን መርጠው ሴቲንግስ፣ ከዚያ ኮምፓክት ናው። ፋይሉ ትልቅ ከሆነ ረጅም ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ በመሃል አያቋርጡት። ዲስኩ ሞልቶ ከሆነ ኮምፓክት ስለሚያስቸግር መጀመሪያ ቦታ ያስለቅቁ። እባክዎ ይህን ሥራ መብራት ይጠፋል ተብሎ በሚጠረጠርበት ሰዓት አይጀምሩት፤ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ ይሁን።

የምንልከው ስካን እያደረግን ነው። እሱ ጫና አለው?

ከሁሉም በላይ ጫና ያለው እሱ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ዘርዘር አድርጌ ልናገር።

ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ላይ ዕቃ የሚያስወጣ ትራንዚተር በአንድ ጭነት የሚቀበለውን ያስቡ፦ ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ ቢል ኦፍ ሎዲንግ፣ ዲክላራሲዮን፣ የባንክ ወረቀት። ሁሉም ስካን ይደረጋል። ስካነሩ ደግሞ አንድ ጊዜ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) እና በቀለም ከተስተካከለ ማንም ሳይነካው ለዓመታት እንደዚያው ይሠራል። አንድ ኤፎር ገጽ በ600 ሲነሣ ወደ 35 ሚሊዮን ነጥብ ይይዛል። ያው ገጽ በ200 ሲነሣ ከ4 ሚሊዮን ያነሰ ነው። ዘጠኝ እጥፍ ማለት ነው፤ የሚነበበው ጽሑፍ ግን አንድ ነው።

በዚህ ላይ ኢሜይል ማንኛውንም አባሪ ሲልክ ወደ ፊደልና ቁጥር ይለውጠዋል፤ ሦስቱ ባይት አራት ይሆናል። ዲስክዎ ላይ 18 ሜጋ የነበረው ፋይል ሲላክ 24 ሜጋ ገደማ ይሆናል። ጂሜይል ከ25 ሜጋ በላይ በአባሪነት ስለማይልክ «22 ሜጋ ብቻ እኮ ነው፣ ለምን እምቢ አለ?» የሚሉት መልሱ ይኸው ነው። እንዲህ ያለ መልእክት አውትቦክስ ውስጥ ተቀርቅሮ ፕሮግራሙ ደጋግሞ ሊልከው ሲሞክር፣ ከኋላው ያሉት ሁሉ ይጠብቃሉ። ፕሮግራሙ «ተንቀራፈፈ» የሚባለው አንዳንድ ጊዜ በዚህ በአንዱ መልእክት ምክንያት ነው። ወርክ ኦፍላይን ያድርጉት፣ አውትቦክስ ይግቡ፣ መልእክቱን ያውጡት።

ደግሞ ቅጂው ይባዛል። መልእክቱ ሲመጣ ኢንቦክስ ውስጥ አንድ፣ ለአስመጪው ፎርዋርድ ሲያደርጉት ሴንት ውስጥ ሁለት፣ ለሒሳብ ክፍል ሲልኩት ሦስት። ሪፕላይ ሲያደርጉ አባሪው አብሮ አይሄድም፣ ፎርዋርድ ሲያደርጉ ግን አብሮ ይሄዳል። «ደርሶኛል» ለማለት ፎርዋርድ የሚጠቀሙ አሉ፤ ይህን ልማድ መተው ብቻ ብዙ ቦታ ያተርፋል።

የምመክረው እንዲህ ነው። ለመደበኛ ደብዳቤና ለኢንቮይስ 200 ዲፒአይ በጥቁርና ነጭ ወይም በግራጫ ይበቃል። ጥቃቅን ጽሑፍ ላለው 300 ያድርጉት። ተቀባዩ «ማኅተሙ በቀለም ይታይ» ካለ ቀለሙን ይተዉለት፣ ቁጥሩን ግን ወደ 200 ያውርዱት፤ ሰማያዊው ማኅተምም ፊርማውም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ብዙ ገጽ ያለውን እያንዳንዱን ለየብቻ ፎቶ አድርገው ከማያያዝ በአንድ ፒዲኤፍ ያድርጉት።

እስካሁን የተከማቸውን ለማቃለል መልእክቶቹን በሳይዝ ይደርድሯቸው፤ ትላልቆቹ ከላይ ይመጣሉ። አባሪውን በጭነቱ ወይም በደንበኛው ስም በተከፈተ ፎልደር ውስጥ ሴቭ ያድርጉ፣ መከፈቱን ይዩ፣ ከዚያ ከመልእክቱ ላይ ሪሙቭ አታችመንት ይበሉ። ተንደርበርድ ዲታች የሚል አለው፤ ሴቭ አድርጎ ራሱ ያነሣዋል። ደብዳቤው ይቀራል፣ ሸክሙ ይወርዳል። ለኦዲት ወይም ለክርክር የሚፈለግ መልእክት ከሆነ ግን አባሪውን አያንሡ፤ መልእክቱን እንዳለ ወደ ማኅደር ፋይል ያዛውሩት።

የድሮውን መልእክት በምን መልክ ላስቀምጥ?

በበጀት ዓመት። ቢሮዎቻችን ሒሳብ የሚዘጉት ሰኔ 30 ስለሆነ መልእክቱንም በዚያው መለየት ለሚፈልግ ሰው ይቀላል። አውትሉክ ላይ ኒው አይተምስ፣ ሞር አይተምስ፣ አውትሉክ ዳታ ፋይል ብለው አዲስ ፋይል ይክፈቱና «የ2017 በጀት ዓመት» ዓይነት ስም ይስጡት። ፕሮግራሙ ቀን የሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ሐምሌ 1 ማለት ጁላይ 8 ነው፤ ከዚያ በፊት ያሉትን መርጠው ወደ አዲሱ ፋይል ያዛውሩ። በአንድ ጊዜ ብዙ ሺህ አያንቀሳቅሱ፤ በወር በወር እየከፈሉ ቢሠሩት አይቆምብዎትም። ሲጨርሱ ፋይሉን ክሎዝ ያድርጉት፤ በየቀኑ ተከፍቶ መዋል የለበትም። ከሰርቨር ያነሡት መልእክት ስልክዎ ላይም እንደማይታይ ይወቁ።

ፕሮግራሙ ለመከፈት ብቻ ብዙ ይቆያል። ከተከፈተ በኋላ ግን ደህና ነው።

አድ-ኢን ይጠርጥሩ። አውትሉክ ሲነሣ ሌሎች ፕሮግራሞች የጫኑበትን ተጨማሪ ነገር አብሮ ያነሣል፤ የፒዲኤፍ መሥሪያ፣ የስብሰባ ፕሮግራም፣ የአንቲቫይረስ ቅጥያ። ለማረጋገጥ ኮንትሮል የሚለውን ቁልፍ ተጭነው እንደያዙ የአውትሉክን ምልክት ይክፈቱ፤ «በሴፍ ሞድ ልክፈት ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፣ የስ ይበሉት። በዚህ መንገድ ቶሎ ከተከፈተ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድ-ኢንስ ውስጥ ገብተው ከታች ኮም አድ-ኢንስ ካለበት ጎ ይበሉና ምልክቶቹን አንድ በአንድ ያንሡ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ካነሡ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ አያውቁም። ተንደርበርድን ሺፍት ተጭነው ሲከፍቱት ያው ነው፤ ትራብልሹት ሞድ ይለዋል።

አንቲቫይረሱን ላጥፋው?

አያጥፉት። በየቢሮው ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት አገር አንቲቫይረስ ማጥፋት አይመከርም። ሊነካ የሚገባው የኢሜይል ቅጥያው ነው። አንዳንድ አንቲቫይረስ እያንዳንዱን መልእክት ሲገባም ሲወጣም ይፈትሻል፣ አባሪው ሲከፈት ደግሞ እንደገና ይፈትሻል። የመጀመሪያውን ቢያጠፉት ሁለተኛው ይጠብቅዎታል።

ተንደርበርድ ለሚጠቀሙ ሌላ ከባድ ጉዳይ አለ። ኢንቦክሱ አንድ ፋይል ስለሆነ፣ አንቲቫይረሱ ውስጡ አንድ የተበከለ መልእክት ካገኘ ሙሉውን ኢንቦክስ አንሥቶ ሊያገልለው ይችላል። በጠዋት ሲከፍቱ ኢንቦክሱ ባዶ ሆኖ ካገኙት አይደንግጡ፣ ምንም ነገርም አያጥፉ፤ መጀመሪያ የአንቲቫይረሱን ኳራንታይን ይመልከቱ። ይህ እንዳይደርስ የፕሮፋይል ፎልደሩን ከፍተሻ ውጪ ማድረግ ይቻላል፤ ፍጥነቱም በግልጽ ይጨምራል።

መብራት ድንገት ጠፍቶ ከተመለሰ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው።

ፋይሉ ሲጻፍበት ተቋርጦ ተጎድቷል። አውትሉክ ለዚህ ስካንፒኤስቲ የሚባል መጠገኛ አብሮት ይጫናል፤ ኦፊሱ በተጫነበት ፎልደር ውስጥ ይገኛል። አውትሉክን ይዝጉ፣ ፋይሉን ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡ፣ ከዚያ መጠገኛውን ከፍተው ፋይሉን ያሳዩትና ስታርት ይበሉት። ስህተት አገኘሁ ካለ «ሜክ ባክአፕ» የሚለው ላይ ምልክት መኖሩን አይተው ሪፔር ያድርጉ። አንድ ዙር ላይበቃ ይችላል፤ ስህተት እስኪያጣ ይደጋግሙት። ተንደርበርድ ላይ ፎልደሩን ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሪፔር ፎልደር፤ ማውጫውን እንደ አዲስ ይሠራዋል።

መጠገን ግን የዘላቂው መፍትሔ ግማሽ ነው። በእኛ አካባቢ የመብራት ሁኔታ፣ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ ኢሜይልን ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ የባትሪ መሣሪያ) መሥራት ፋይሉን ደጋግሞ ማጣት ነው። ዩፒኤሱ ሰዓታት እንዲያቆይዎት አይጠበቅም፤ ፕሮግራሙን በሥርዓቱ የሚዘጉበት ጥቂት ደቂቃ ከሰጠዎት ሥራውን ሠርቷል። መብራት እንደሄደ መጀመሪያ የሚዘጋው ኢሜይሉ ይሁን።

ፍለጋው በጣም ይዘገያል፣ ያለውንም መልእክት አያገኝም።

የፍለጋ ማውጫው ተበላሽቷል። ከኮንትሮል ፓነል ኢንዴክሲንግ ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ፣ ሪቢልድ። እየሠራ እያለ ኮምፒውተሩ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከሥራ ሰዓት ውጪ ይጀምሩት። ተንደርበርድ ላይ ፕሮግራሙን ዘግተው ከፕሮፋይል ፎልደሩ ውስጥ «ግሎባል-መሴጅስ-ዲቢ» የሚለውን ፋይል ብቻ ያጥፉ፤ ሲከፈት ራሱ መልሶ ይሠራዋል፣ መልእክት አይነካም።

ጂሜይሌን በአይማፕ አገናኘሁት፣ ማውረዱ ማለቂያ የለውም።

ጂሜይል ውስጥ ኦል ሜይል የሚባል ፎልደር አለ፤ ሌላ ቦታ ያለው መልእክት ሁሉ እዚያም ይታያል። ፕሮግራሙ ሁለቱንም ሲያወርድ አንዱ መልእክት ሁለት ጊዜ ይመጣል። ብሮውዘር ላይ ጂሜይልን ከፍተው ሴቲንግስ፣ ሌብልስ ውስጥ ኦል ሜይል ፊት ለፊት ያለውን «ሾው ኢን አይማፕ» ምልክት ያንሡ። እዚያው አይማፕ የሚለው ክፍል ውስጥ አንድ ፎልደር ከ1,000 ወይም ከ5,000 መልእክት በላይ እንዳያሳይ መወሰንም ይቻላል። ጉግል በአይማፕ በቀን ከ2,500 ሜጋ ባይት በላይ ስለማያስወርድ ትልቅ ሳጥን በአንድ ቀን አይጠናቀቅም። ተንደርበርድ ላይ ከአካውንት ሴቲንግስ፣ ሲንክሮናይዜሽን ኤንድ ስቶሬጅ ውስጥ የቅርብ ጊዜውን ብቻ እንዲያወርድ ማዘዝ ይቻላል። በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ይህ የግድ ነው።

ፋይሉን በኔትወርክ ብናጋራው ወይም ፍላሽ ላይ ብናስቀምጠውስ?

አይሆንም። ፒኤስቲ ፋይልን ከሌላ ኮምፒውተር በኔትወርክ ከፍቶ መሥራት ማይክሮሶፍት የማይደግፈው አሠራር ነው፤ ይንቀራፈፋል፣ ይበላሻልም። ፍላሽና ኤክስተርናል ለግልባጭ ናቸው። ለሁለትና ለሦስት ሠራተኛ አንድ የጋራ አድራሻ ካስፈለገ ሁሉም በየኮምፒውተራቸው በአይማፕ ይክፈቱት።

ግልባጩ የት ይቀመጥ?

ከዚያው ክፍል ውጪ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ከየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ሲዘረፍ፣ ኤክስተርናሉ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ከነበረ አብሮ ነው የሄደው። አንዱ ግልባጭ ቢሮ፣ ሌላው ኃላፊነት ባለው ሰው እጅ ሌላ ቦታ ይሁን። የሥራ ደብዳቤ ስለሆነ ያለ ሥልጣን እንዳይከፈት በፓስወርድ ይቆለፍ።

ራም ልጨምር፣ ኤስኤስዲ ላስገባ ወይስ አዲስ ልግዛ?

ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ያስገቡ። የኢሜይል ፕሮግራም ከአንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ እዚህም እዚያም ያሉ ቁርጥራጮችን ነው የሚያነበው፤ ተሽከርካሪው አሮጌ ሃርድ ዲስክ የሚደክመው እንዲህ ባለው ሥራ ነው። ራሙ 4 ጊጋ ከሆነ ወደ 8 ማሳደግ ሁለተኛው ነው። አዲስ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ሦስተኛ ነው።

ኮምቦልቻ ላሉት አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ ከደሴ ይሞቃል። ማቀዝቀዣው በአቧራ የተደፈነ ኮምፒውተር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጠዋት ፈጥኖ ከሰዓት በኋላ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ያስጠርጉት።

ወደ አዲሱ አውትሉክ ልቀይር?

እንደ ሁኔታዎ ይወሰናል። አዲሱ ቀለል ያለ ነው፣ ግን የድሮዎቹን ኮም አድ-ኢኖች አይቀበልም፣ ከፒኤስቲ ፋይል ጋር ያለው አሠራርም የተገደበ ነው። ማኅደርዎ በፒኤስቲ ከሆነ በነባሩ ይቆዩ። ነገር ግን ዊንዶውስ 10ም፣ ኦፊስ 2016ና 2019ም ከማይክሮሶፍት ያገኙት የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ይህ የፍጥነት ሳይሆን የደኅንነት ጉዳይ ነው። የማኅደር ጣጣ የሌለበት፣ የፈቃድ ክፍያም የሚከብደው ትንሽ ቢሮ ከሆነ እኔ የምመርጥለት ተንደርበርድን ነው፤ ነፃ ነው፣ በየጊዜው ይታደሳል።

ስልኬ ላይ ያው ኢሜይል ፈጣን ነው። ኮምፒውተሩ ምን ሆኖ ነው?

ስልኩ የቅርብ ጊዜውን ብቻ ነው የሚያመጣው፤ የቆየውን ሲፈልጉት ነው ከሰርቨር የሚጠይቀው። ኮምፒውተሩም እንዲሁ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል። የመሥሪያ ቤትዎ ኢሜይል በኤክስቼንጅ ወይም በማይክሮሶፍት 365 ከሆነ፣ አካውንት ሴቲንግስ ውስጥ አካውንቱን ከፍተው «ሜይል ቱ ኪፕ ኦፍላይን» የሚለውን መንሸራተቻ ከአንድ ዓመት ወደ ሦስት ወር ያምጡት። ከሰርቨሩ ምንም አይጠፋም። ፕሮግራሙን ዘግተው ይክፈቱት፤ የቆየ መልእክት ሲያስፈልግዎ ከፎልደሩ መጨረሻ ያለውን ማስፈንጠሪያ ሲጫኑ ከሰርቨሩ ያመጣልዎታል።